እርከኑን ማን ይጠግነው?

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ለጥናቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ የደጋ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ጂፒኤስ ይዤ ከእርከን እርከን እየሄድኩ ርዝመቱን መመዝገብ። በእጄ ያለው ሪፖርት ዘንድሮ ይህን ያህል፣ አምና ይህን ያህል፣ ካቻምና ደግሞ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል ይላል። የዘንድሮውን ወዲያው አገኘሁት። የአምናውንም ፈላልጌ አገኘሁት። የካቻምናው ላይ ስደርስ ግን ካርታው "እዚህ ነው" ይለኛል፣ እኔ የቆምኩት ገብሱ የታጨደበት ማሳ መሀል ነው። እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያለ አፈር ይታያል፤ በቃ።

አንድ አዛውንት ከማሳቸው ዳር ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና "ምን ጠፋህ ልጄ?" አሉኝ።

"እርከን ጠፋኝ አባቴ።"

ሳቁ። "እሱማ ሄደ። እኩሌታውን ክረምቱ ወሰደው፤ የቀረውን በሬ ረገጠው። ለመሥራትማ ሠርተነው ነበር። ማን ይጠግነው?"

መልስ አልነበረኝም። ምህንድስና ስማር እርከን በምን ያህል ርቀት እንደሚሠራ፣ ቁመቱ ስንት መሆን እንዳለበት፣ ውኃው በየት እንደሚወጣ ተምሬያለሁ። ማን እንደሚጠግነው የሚጠይቅ ፈተና ግን አንድም ቀን አልተፈተንኩም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትችት ነው፤ ትችቱም ከራሴ ሙያ ይጀምራል። የምተቸው ስለ ተራራ እርሻ የምናወራባቸውን ሁለት መንገዶች ነው። አንዱ የሪፖርት መንገድ ነው፦ "ባህላዊው እርሻ ተራራውን አራቆተው፤ እኛ በዘመቻ እርከን ሠርተን አዳንነው፤ ይኸው ኪሎ ሜትሩ።" ሌላው የአድናቆት መንገድ ነው፦ "አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ይኸው የኮንሶ እርከን፤ ፎቶ አንሱ።" ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ። ግን አንድ ስህተት ይጋራሉ፤ ሁለቱም እርከንን ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርገው ያዩታል። እኔ ደግሞ እርከን መሥራት አረም እንደ ማረም ነው እላለሁ። አምና አርሜያለሁ ብሎ ዘንድሮ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በመጀመሪያ ፊዚክሱ

ዳገት ላይ የወደቀ ዝናብ ወደ መሬት ካልሰረገ ቁልቁል ይሄዳል። ብዙ በሄደ ቁጥር ይጠራቀማል፤ ይፈጥናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ጉልበቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። መጀመሪያ ደቃቁን አፈር፣ ከዚያ ጠጠሩን፣ በመጨረሻ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። እርከን የሚያደርገው ረጅሙን ዳገት አጫጭር አድርጎ መቆራረጥ ነው። ውኃው ገና መፍጠን ሳይጀምር ይገታል፤ ቆሞ ይሰርጋል፤ የያዘውንም አፈር እዚያው ያራግፋል።

ምን ያህል አፈር ነው የምናወራው? ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር የመሩት የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሃንስ ሁርኒ፣ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። ግምት ነው፤ ከቦታ ቦታም በጣም ይለያያል። ግን እስቲ እናስላው። 42 ቶን ለ10,000 ካሬ ሜትር ሲካፈል በካሬ ሜትር 4.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ነው። "ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ምን አላት?" ትሉ ይሆናል። በ30 ዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ናት፤ ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት አብዛኛው ማለት ነው። አያት ያረሰውን አፈር የልጅ ልጅ አያገኘውም።

አሁን ወደ ካቡ እንምጣ። ከካቡ ኋላ ያለው አፈር በውኃ ቢሞላና ውኃው መውጫ ቢያጣ፣ 2 ሜትር ቁመት ባለው ካብ ላይ ውኃው ብቻውን በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት 2 ቶን ገደማ ይገፋል። ቁመቱ 4 ሜትር ከሆነ ግፊቱ 4 ቶን እንዳይመስላችሁ፤ 8 ቶን ነው። ኮንሶ ውስጥ እስከ 5 ሜትር የሚደርሱ ካቦች አሉ፤ አንዳቸውም ሲሚንቶ የላቸውም። "ሲሚንቶ ቢኖራቸውማ ይጠነክሩ ነበር" ብሎ ማሰብ ይቀናናል፤ እኔም አስቤ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ውኃውን ቀስ እያደረገ ያስወጣዋል፤ ግፊቱም ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ብንደፍነውና መውጫ ባናበጅለት በአንድ ጠንካራ ክረምት ሆዱ ተነፍቶ ይፈርስ ነበር።

ደረቅ ካብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ከብት ይንደዋል፣ ሥር ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ይህ የንድፉ ጉድለት አይደለም፤ ንድፉ ራሱ ሰውን እንደ አንድ አካል ቆጥሮ ነው የተሠራው።

ኮንሶ፦ በፎቶው ውስጥ የማይታየው

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዩኔስኮ ራሱ ስለ ቦታው ሲጽፍ 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሕያው ባህል ይለዋል። ቦታው ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡ አይታመንም። ሰዉ ግን ማሽላውን ከጥራጥሬ ጋር እያሰባጠረ፣ በማሳው ሽፈራው እየተከለ፣ "ሃርዳ" በሚባሉ ኩሬዎች ውኃ እያጠራቀመ ኖሯል።

ፎቶው የሚያሳየን ካቡን ነው። የማያሳየንን ልዘርዝር። አንደኛ፣ የኮንሶ ገበሬ በእርከኑ ላይ የሚያርሰው በዋናነት በእጅ መቆፈሪያ ነው፤ ስለዚህ የእርከኑ ጥበት አያስቸግረውም። ሁለተኛ፣ ከብቶቹን ግቢ ውስጥ አስሮ ይቀልባል። ፍግ ይሰበስባል፤ ካቡም በከብት ኮቴ አይናድም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ጉልበት የሚሰባሰብበት ሥርዓት አለ። የካምብሪጇ የጂኦግራፊ ምሁር ኤልዛቤት ዋትሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ኮንሶ ያሳተመችው መጽሐፍ በርዕሱ እርከኖቹን "ሕያው" ይላቸዋል። ከመጽሐፉ የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ እርከኑን ያቆመው ጉልበት ከዝምድና፣ ከመሬት ይዞታ፣ ከሥራ ማኅበርና ከእምነት ሥርዓት ጋር ተጠላልፎ የተሠራ ነው። አንዱን ክር ስትመዙት ሌላውም ይላላል።

እንግዲህ እኛ መሐንዲሶች ኮንሶ ሄደን የካቡን ቁመት፣ ስፋትና ዘንበል ማለት ለክተን ብንመለስ ይዘን የመጣነው ምንድን ነው? አጥንቱን ብቻ ነው። ሥጋው እዚያው ቀርቷል።

እኩልታው የማይጠይቀው

በሙያችን በጣም የምንወደው አንድ እኩልታ አለ። አሜሪካውያኑ ዊሽማየርና ስሚዝ ያዘጋጁት፣ ሁርኒ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ያስማሙት የአፈር ብክነት እኩልታ ነው። ስድስት ነገሮችን ያባዛል፦ የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የዳገቱን ርዝመት፣ ቁልቁለቱን፣ የሰብሉን ሽፋንና የጥበቃውን ሥራ። የመጨረሻው የእርከን ቤት ነው። ምንም ካልተሠራ 1 ይገባል፤ ጥሩ እርከን ካለ ቁጥሩ ያንሳል።

ደጉዓ ተምቤን፣ ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች በገበሬ ማሳ ላይ ያሉ የድንጋይ ካቦችን ለክተው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ካቦቹ የአፈር መታጠብን በአማካይ 68 በመቶ እንደቀነሱ አገኙ። ትልቅ ውጤት ነው። እኩልታው ውስጥ 0.32 ብላችሁ ትጽፋላችሁ ማለት ነው። ግን የዚያው ጥናት ባለቤቶች ሌላም ነገር ብለዋል፦ ካቡ በደንብ የሚሠራው አዲስ ሳለ ነው፤ ከኋላው ያለው ቦታ በደለል ሲሞላ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጠገንና ከፍ መደረግ አለበት።

እኔ በመጀመሪያው የጥናት ሐሳቤ 68 በመቶን ጠቅሼ ያቺን ዓረፍተ ነገር ትቻት ነበር። አማካሪዬም አላዩአትም። ቁጥር ዓይን ይስባል፤ "በየጊዜው ይጠገን" የሚል ነገር ደግሞ እንደ ምክር ይነበብና ይታለፋል። እኩልታው ውስጥ 0.32 ብዬ ስጽፍ ሳላውቀው "ይህ ካብ ለዘላለም እንደ ዛሬ ይኖራል" ማለቴ ነበር። እኩልታው አይዋሽም። የጥበቃው ቤት ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ምን እንደሚሆን አይጠይቅም፤ እኛም አንነግረውም።

በቀዳዳ እንስራ

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ ወረዳ በየዓመቱ 100 ኪሎ ሜትር እርከን ይሠራል እንበል። ጥገና የለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ካለው እርከን 20 በመቶው ይፈርሳል። ከ20 ዓመት በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ይኖራል?

ሪፖርቱ ይደምራል፦ 2,000 ኪሎ ሜትር። መሬት ላይ ያለው ግን 494 ገደማ ነው። እንዲያውም ሌላ 20 ዓመት ብትጨምሩ ከ500 አያልፍም፤ ምክንያቱም 500 ላይ ሲደርስ በየዓመቱ የሚፈርሰው በየዓመቱ ከሚሠራው ጋር እኩል ይሆናል። ሕዝቡ ዓመት በዓመት ይቆፍራል፤ ተራራው ግን ባለበት ይቆማል።

አሁን ደግሞ ጥገና ተጨምሮ የሚፈርሰው በዓመት 5 በመቶ ብቻ ሆነ እንበል። በ20 ዓመት 1,283 ኪሎ ሜትር ይገኛል። ከዚህም የሚገርመው ይኸኛው ነው፤ አዲሱን ሥራ በግማሽ ቀንሰን በዓመት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንሠራና የቀረውን ጉልበት ለጥገና ብናውለው 640 ገደማ ይኖረናል። ግማሹን ሠርተን ከበፊቱ የበለጠ እርከን አገኘን ማለት ነው! እንስራው ቀዳዳ ከሆነ ውኃ የሚቀዱትን ሰዎች ቁጥር ማብዛት ምን ይረባል? መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን ነው።

ይህን ስል ዘመቻው ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በሰሜኑ ተራራ ሲያልፍ ፎቶ አንስቶ ነበር። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው ከዚያው አንግል እንደገና አነሷቸው። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፤ በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው ተራራ ከያኔው የተሻለ ዕፀዋት ለብሷል፤ የድንጋይ ካብና ከከብት ንክኪ የተከለለ መሬትም ለዚህ ድርሻ አላቸው። "ድሮ ሁሉም ደን ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው" የሚለው ታሪክ እዚያ ፎቶ ላይ አይታይም። ሥራው ፍሬ እንደሚያፈራ እናውቃለን ማለት ነው። ጥያቄው የቱ ይቆያል፣ ለምንስ ነው።

"ገበሬው አልገባውም"

ስብሰባ ላይ "ለምን አይጠገንም?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ "የግንዛቤ ችግር ነው" የሚል ነው። ይህ መልስ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከማሳው ዳር ቆሞ ያላሰላ ሰው መልስ ነው። እስቲ በገበሬው ቦታ ሆነን እናስላ።

የመሬቱ ቁልቁለት 25 በመቶ ነው እንበል። በአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት እርከን ስንሠራ በሁለት እርከኖች መሀል ያለው አግድም ርቀት 4 ሜትር ይሆናል። ካቡና ቦዩ አንድ ሜትር ቢይዙ ከማሳው ሩቡ ሄደ። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ሩብ ቀልድ አይደለም። በቀረው 3 ሜትር ላይ ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስ አለበት። ሞፈሩ ብቻውን ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፤ በሬዎቹ የት ይዙሩ? የእኛ ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በትልሞቹ መሀል ያልታረሰ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን መስቀለኛ መቁረጥ አለበት። በጠባብ እርከን ላይ መስቀለኛ ማረስ አይቻልም። "በሬ ረገጠው" ያሉኝ አዛውንት በሬውን ሆን ብለው ካቡ ላይ አልነዱትም፤ ንድፉ ለበሬው ቦታ አልተወለትም።

ውኃም አለ። ምዕራብ ጎጃም ደምበጫ አካባቢ ባለው አንጀኒ የምርምር ጣቢያ "ፋኛ ጁ" የሚባለው እርከን ተሞክሯል። ስሙ የስዋሂሊ ነው፤ "ወደ ላይ ወርውር" እንደ ማለት ነው፤ ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ከበላይ በኩል መደልደል። አፈር ማስቀረቱን አስቀርቷል። ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠበቀውን ያህል አልጨመረም፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ከካቡ ኋላ ውኃ ተኝቶ ሰብሉን ጎዳ። የደጋ ገበሬ ከዱሮ ጀምሮ በማሳው ላይ አግድም ዘንበል ያለ ፈሰስ የሚያወጣው ውኃውን ለማስወገድ ነው። እኛ ደግሞ "ያዘው" አልነው።

የፋኛ ጁ ነገር ሌላም ትምህርት አለው። በስፋት የታወቀው በኬንያ ማቻኮስ ነው። እዚያም መጀመሪያ ላይ የቅኝ ገዢው መንግሥት በግዳጅ እርከን አሠርቶ ነበር፤ ሰዉ ጠላው። ቆይቶ ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው ፋኛ ጁን መርጠው አስፋፉት። ቡና መትከል ተፈቀደላቸው፤ የናይሮቢ ገበያም ቅርብ ነው። ካቡን የሚጠግነው ገንዘብ ከካቡ በላይ ካለው ማሳ ወጣ። እኛ ከማቻኮስ ሥዕሉን ወሰድን፤ ገበያውን ግን በሻንጣ ይዞ መምጣት አይቻልም።

በመጨረሻም የመሬቱ ጥያቄ አለ። የእርከን ጥቅም የሚገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ድካሙ ግን ዛሬ ነው። መሬቱ ነገ ለሌላ ሰው ይደርሳል ብሎ የሚፈራ ሰው ለምን ድንጋይ ይሸከማል? በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው መፍረሱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በአንጻሩ ትግራይ ውስጥ በ1998 እና 1999 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ቀላል የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ተሰጠ። በኋላ ያጠኑት ተመራማሪዎች ወረቀቱን ያገኙት ቤተሰቦች እርከናቸውን በተሻለ ሁኔታ ሲጠግኑ አገኟቸው። አስቡት፤ አንድ ወረቀት ካብ ጠገነ። ይህን በየትኛው የምህንድስና ክፍል ነው የምንማረው?

ማሞገስም አይበቃም

"እንግዲያውስ ባህሉን እንዳለ እንተወው" የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህም ላይ ትችት አለኝ።

ባህላዊ ሥርዓት ሁሉ ፍትሐዊ አይደለም። ኮንሶ ውስጥ እደ ጥበበኞች በልማድ ከመሬት ባለቤትነትና ከገበሬው ጋር ከመጋባት ተገልለው ኖረዋል። እርከኑ በተዋበበት አገር ረሃብም ተመላልሷል። ድንጋይ መሸከም ከባድ ሥራ ነው፤ ውበቱ የሚታየው ከሩቅ ነው።

ደግሞም ዝናና ዕድሜ ብቻቸውን ካብ አያቆሙም። በፊሊፒንስ ተራሮች ላይ ያሉት የኢፉጋኦ የሩዝ እርከኖች በ1995 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኑ። በ2001 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገቡ፤ ከዝርዝሩ የወጡት በ2012 ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ የውኃ ቦዩን የሚጠርግ ጠፍቶ ነበር። የየመን ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የየመን ተራሮች በጣም ጥንታዊ እርከኖች አሏቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነዳጅ ገንዘብ ሲጎርፍ ብዙ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ሄዱ። ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ፤ ካቡን ግን በሐዋላ መጠገን አይቻልም። የላይኛው ካብ ሲናድ ውኃው በሙሉ ኃይሉ በታችኛው ላይ ይወርዳል፤ ታችኛው ደግሞ ከሱ በታች ባለው ላይ። በብዙ መቶ ዓመታት የተካበ ተራራ እንዲህ ከላይ ጀምሮ ይፈታል። የጎረቤትህ ካብ መፍረስ የአንተ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ደቦና ወንፈልም ለእርከን የግድ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እኔም ከተከሳሾቹ አንዱ ነኝ። አብረውኝ ከተማሩት የደጋ ልጆች ወደ ማሳው የተመለሰ አላውቅም። "ወጣቱ ገጠር ይቅር" ብዬ ልሰብክ አልችልም፤ እኔ ያልኖርኩትን ኑሮ ሌላውን ኑር ማለት ነውር ነው። ማለት የምችለው ይህን ነው፦ ጉልበት እየቀነሰ በሚሄድበት አገር፣ ብዙ ጥገና የሚፈልግ ነገር እየጨመርን "ለማን?" ብለን አለመጠየቅ የንድፍ ስህተት ነው። ድልድይ ሲነደፍ የሚያልፍበት መኪና ክብደት ይታሰባል። እርከን ሲነደፍስ የሚጠግነው ሰው ለምን አይታሰብም?

ታዲያ ምን እንቁጠር?

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሚሊዮኖች ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ያለ ክፍያ ይወጣሉ። ይህ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ጉልበት ነው። ይህን ያህል የሰው ቀን ሲወጣ ለሥራው የሚመጥን መለኪያ መኖር አለበት። የኔ ሐሳብ ከባድ አይደለም። ሪፖርቱ ላይ "ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?" ከሚለው ጎን ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ከተሠራው ስንቱ ቆሟል? የቆመውን ማን ጠገነው? ከፈረሰው ባለቤት ጋር ማን ተነጋገረ? የመጀመሪያው ለመሐንዲስ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ኑሮ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሚቀጥለው ንድፍ ነው።

እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በአቅራቢያችሁ እርከን ያለበት ዳገት ካለ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምልክት አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው አንግል ድገሙት። አምስት ፎቶ ሲኖራችሁ ብዙ ሪፖርት የማይናገረውን ታውቃላችሁ።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ከተጨዋወትን በኋላ "ና ላሳይህ" ብለው ከማሳቸው ግርጌ ወሰዱኝ። ደረታቸው ድረስ የሚመጣ የድንጋይ ካብ ቆሟል፤ ሽበት ያወጣ ካብ ነው። ከበላዩ ያለው ማሳ ሰፊ ነው፤ በሬ በደንብ ይዞርበታል። በዳር በኩል ውኃው የሚወርድበት ፈሰስ ወጥቷል። ግንቦት በመጣ ቁጥር፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከታችኛው ጎረቤታቸው ጋር በወንፈል የወደቀውን ድንጋይ ይመልሳሉ።

"ማን አሠራችሁ አባቴ?" አልኳቸው።

"ማን ያሠራናል ልጄ? እሱም ካቡ ቢናድ ናዳው የሚወርደው በሱ ላይ ነው፤ እኔም ቢናድ አፈሬ ነው የሚሄደው።"

በጂፒኤስ ለካሁት፤ 86 ሜትር ነው። ሪፖርቱን ገልጬ ፈለግኩት። የለም። ማንም በዘመቻ ስላልሠራው ማንም አልቆጠረውም።